ከአምስት ሁለት ሲመረጥ

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ትናንት ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። እኔ በቀኝ፣ ታላቅ እህቱ እትዬ በግራ ደግፈነው ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። እግሩ ግን ይራመዳል፤ ተመስገን ነው።

ያስቸገረው አፉ ነው። ስትሮኩ የመታው ንግግሩን ነው አሉ። የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቃሉ ሲወጣ ግን ሌላ ይሆናል። ትናንት "ጠመኔ ስጪኝ" አለኝ። ግራ ገባኝ። ዓይኑን ተከትዬ ሳይ የሚያየው የውኃውን ብርጭቆ ነው። ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድሜ ልኩን ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ ሲያወራ የኖረ የሒሳብ መምህር።

የንግግር ሐኪሟ "የሚወዱትን ነገር እያነሳችሁ አስወሯቸው" ብላናለች። እሱ የሚወደው ቁጥር ነው። እኔና ቁጥር ደግሞ ከአስረኛ ክፍል ጀምሮ ተኳርፈናል። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ በቃ።

ይህን ደብተር የገዛሁት እትዬ እስኪሻለው ብለው እኛ ጋ ስለገቡ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው ለብቻው የሚያጉረመርምበት ጥግ እንኳ የለውም።

ጥር 9፣ ሐሙስ

እትዬ ወጥ ቤት ሆነው በስልክ ሲያወሩ፦ "ወንድሜ እኮ አለቀለት። ከእንግዲህ እንደ ሕፃን መያዝ ነው እንጂ።"

በሩ ክፍት ነበር። እሱ ሶፋው ላይ ነበር።

ከዚያ ሾርባ ይዘው መጡና ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠግተው "በል ክፈት" አሉት። ጥርሱን ገጥሞ ያዘ። እትዬ ክፉ ሆነው አይደለም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ያ ልጅ ነው የሚታያቸው። ሾርባው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

በሩን መዝጋት ነበረብኝ። አጠገቡ ነው የቆምኩት፤ መዝጋት ነበረብኝ።

ጥር 12፣ እሑድ

ሳቀ!

እንዲህ ሆነ። ለአንዲት ደንበኛ የማሳያቸውን የጨርቅ ናሙናዎች አልጋው ላይ ዘርግቼ እመርጣለሁ። ሦስት ጨርቅ፣ ሁለት ገበር። እሱ ትራስ ተደግፎ ያያል። በግራ እጁ ወደ ጨርቆቹ ጠቆመና "ስንት… ስንት መጋረጃ?" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አንድ ጨርቅ… አንድ ገበር። ስንት ዓይነት?"

"አምስት ነዋ! ሦስት ጨርቅ፣ ሁለት ገበር። አምስት።"

ሳቀ። ፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚስቀው፤ ግን ሳቁ የሱ ነው፣ ያ በአፍንጫው የሚጀምረው። እኔ ተናደድኩ። ጨርቁንም ገበሩንም እያነሳሁ እየጣልኩ አጣመርኩ። ሰማያዊው በነጭ ገበር፣ ሰማያዊው በግራጫ። አረንጓዴው በነጭ፣ አረንጓዴው በግራጫ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ገባኝ፤ ስድስት ነው። ለእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ሁለት ገበር ይደርሰዋል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት። ስንት ዓመት መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም።

"መደመር አይደለም" አለኝ። ሁለት ቃል፣ ሁለቱም ትክክል፣ ሁለቱም በቦታቸው። ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። እትዬ ሽንኩርቱ ነው ብለው አለፉኝ፤ ሽንኩርት አልነበረም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ትልቅ ትእዛዝ መጣ። የአንድ እንግዳ ማረፊያ መስኮቶች በሙሉ። አርፍጄ ገባሁ። ጀርባዬ ተቆርጧል። እሱ ተኝቷል። እትዬ "ዛሬ አምስት ቃል ተናገረ" አሉኝ። የትኞቹን እንደሆነ ስጠይቃቸው፦ "አራቱ እኔን የሚቆጡ ናቸው።"

ጥር 19፣ እሑድ

ምሳ ላይ "ተነሱ" አለን። ሦስት ወንበር፣ ሦስት ሰው፤ በስንት ዓይነት አቀማመጥ ልንቀመጥ እንችላለን? ብዕር አልፈልግም፣ በእግራችን እናየዋለን አልኩ። እየተነሳን እየተቀመጥን መቀያየር ጀመርን። ሾርባው ቀዘቀዘ።

እትዬ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ንቅንቅ አልል አሉ። "እኔ ወገቤን ያመኛል። ከፈለጋችሁ እናንተ ተገለባበጡ።"

እሱ ዓይኑ በራ። "እሷ ካልተነሳች… ስንት?"

እኔና እሱ ቦታ ተለዋወጥን። ሁለት ብቻ! እትዬ ቢነሱ ኖሮ ስድስት ይሆን ነበር፤ እሳቸው አልነሳም ሲሉ ሁለት ሆነ።

"አየሽ" አለ እህቱን እያየ፣ "አዲስ… አዲስ ጥያቄ አወጣሽ።"

እትዬ ምን እንዳደረጉ ባይገባቸውም ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ በስልክ ለሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ሒሳብ አወጣሁለት እኮ! ቁጭ ብዬ!" ያን "አለቀለት" የሚለውን ግን አንድም ጊዜ አልተነፈሱም።

ጥር 24፣ ዓርብ

ዛሬ ፊደል ነው። በግራ እጁ፣ ልክ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ ወረቀት ላይ "ደደብ" ብሎ ጻፈና አሳየኝ።

"እኔን ነው?"

ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። ፊደሎቹን እየለዋወጥን ስንት ዓይነት ቃል፣ ትርጉም ይኑረው አይኑረው፣ መጻፍ እንችላለን ነው ጥያቄው። ሦስት ፊደል፣ እንደ ሦስቱ ወንበር፤ ስድስት አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ጻፊ አለኝ። ደደብ፣ ደብደ፣ ብደደ… ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ሁሉ ከነዚህ አንዱ እየሆነ መጣ። ሁለቱ ደ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቦታ ቢለዋወጡም ማንም አያውቅባቸውም። ሦስት ብቻ።

"ስለዚህ ደደብ እኔው ነኝ" አልኩት። እጄን ይዞ ሳመው። ቃል አላስፈለገውም።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። ዛሬ "አባባ" የሚለውን ቃል ሰጥቼው ስንት እንደሚሆን ጠየቅኩት። "ስድስት" አለ፣ ያለ ምንም ማመንታት።

ሁለቱ ባ አንድ ናቸው። ሦስት ነው። ትናንት ራሱ ነው ያስተማረኝ!

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠኝ። "እርግጠኛ ነሽ?" አለ። እርግጠኛ ነኝ አልኩና ጽፌ አሳየሁት። "ልክ ነሽ" አለ።

እኔ ልክ በመሆኔ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

የካቲት 3፣ እሑድ

ርዕሰ መምህሩ ብርቱካን ይዘው መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠው ቃል ሲጠፋው በትዕግሥት ጠበቁት። "ተማሪዎችዎ በናፍቆት እየጠበቁዎት ነው" አሉት። ሊሄዱ ሲሉ ግን በሩ ላይ ለእኔ በዝግታ፦ "የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምሩ ማየት ይፈልጋል። መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ስለ ምርጫና ቅደም ተከተል ያለውን ምዕራፍ። ከሆነላቸው ይመለሳሉ። ካልሆነም… በክብር ማረፍም አለ እኮ።"

በክብር ማረፍ! ስለሞተ ሰው የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። አመስግኜ ሸኘኋቸው። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ስለ "አባባ" አልነገርኳቸውም። ምን አገባኝና እነግራቸዋለሁ?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ከአምስት ሰዎች ሁለት መምረጥ። ለመጀመሪያው አምስት አማራጭ፣ ለሁለተኛው አራት፤ አምስት ጊዜ አራት ሃያ አልኩ። ልክ ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

"አንዱ አለቃ፣ አንዱ… ጸሐፊ ከሆኑ፣ ልክ" አለኝ። "ሁለቱም እኩል ከሆኑስ?"

ረጅም ጊዜ አሰብኩ። እኔና አንተ፣ አንተና እኔ፤ ያው አንድ ጥንድ ነን። እያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ሃያን ለሁለት ሳካፍል አስር። ራሴ ነኝ የደረስኩበት! የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ እየሰፋሁ እንኳ "እኔና አንተ፣ አንተና እኔ" እያልኩ ዋልኩ። የሥራ ጓደኛዬ በአዲስ ፍቅር የያዘኝ መስሏት "ባልሽ ያውቃል?" አለችኝ። እሱው ነው አልኳት።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ዛሬ እኔ ጠየቅኩት። ከአምስት ሁለት። "ሃያ" አለ።

"እኔና አንተ፣ አንተና እኔ አንድ ነን እኮ!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አምስት ነጥብ አድርጌ በመስመር አገናኘኋቸው፤ አስር መስመር። እያየ ፈገግ አለ። ሁልጊዜ የሚሳሳተው ትናንት እኔ የተሳሳትኩትን ነው። የኔ አለማወቅ እየተጋባበት ይሆን? ወይስ የተማረው በአንድ ቀን ይጠፋበታል?

የንግግር ሐኪሟ መጥታ "በሒሳቡ እንዴት ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በጣም ጎበዝ" አልኳት። ዋሸሁ። እውነቱን ብነግራት ለትምህርት ቤቱ በምትጽፈው ላይ ታሰፍረዋለች።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ሥራ። ሥራ። ሥራ። በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ በየቀኑ ይሳሳታል፤ አርመዋለሁ። ዛሬ ከስድስት ሦስት መምረጥን አስቀድሜ ለብቻዬ ሠራሁት፤ ሃያ። እሱ መቶ ሃያ አለ። ቅደም ተከተሉን ማውጣት ረሳ። ሦስት ሰው በስድስት ዓይነት እንደሚሰለፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ አልኩት፤ ወንበሮቹን አስታውስ። መቶ ሃያ ለስድስት። "እርግጠኛ ነሽ?" ይህቺን "እርግጠኛ ነሽ" ልጠላት ነው።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ዛሬ ልምምድ አደረግን። የቁም ሳጥኑ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍን። እኔና እትዬ ሶፋው ላይ ተማሪ ሆነን ተቀመጥን። ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ቆመ። እንዴት ያምርበታል!

"ዛሬ የምንማረው… ስለ… ስለ ምንጣፍ ነው።"

ምርጫ ማለቱ ነበር። ስህተቱን ራሱ ሰማው። እንደገና ሞከረ። "ስለ ም… ምንጣፍ።"

እትዬ በደግነት፦ "እሺ ወንድሜ፣ ስለ ምንጣፍ። ቀጥል።"

ያ ነው የባሰው። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። በግራ እጁ ለመጻፍ ሞከረ፣ መስመሩ ወደ ታች ሸርተት አለ። ብዕሩን ወረወረው። ወደ እኔ እየጠቆመ "አንቺ! አንቺ!" አለ። ፊቱ ቀልቷል።

እኔ ምን አደረግኩ? ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጠብኩ። የማይችለውን ነገር አስጀምሬው፣ አጉል ተስፋ ሰጥቼው፣ ሰው ፊት ላዋርደው ነው። "አንቺ!" ሲለኝ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቱ ነው፤ ልክ ነው።

የካቲት 22፣ ዓርብ

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ወይም እየተናደድኩ። አላውቅም።

የንግግር ሐኪሟ መጥታ ስትጨርስ እስከ ደረጃው ሸኘኋትና ሁሉንም ዘከዘክኩላት። የሚሳሳተውን፣ የደበቅኳትን፣ ፍርሃቴን። ልጅቷ ቦርሳዋን እንደያዘች ደርቃ ቆመች።

"ቁጥር ላይ ነው የሚሳሳቱት?"

"በየቀኑ።"

"ከእኔ ጋር እኮ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። የተጎዳው ቃላቸው ነው፤ ሒሳባቸው ምንም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት እንዲያውም የኔን ስህተት አረሙኝ።"

ተመለስኩ። ሶፋው ላይ ሆኖ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ ምንም የማያውቅ ሰው መስሎ።

"ሆን ብለህ ነው?"

ጋዜጣውን አወረደ።

"እኔ እዚህ በጭንቀት ልሞት፣ አንተ ሆን ብለህ ነው የምትሳሳተው?"

ቃሉን ፈለገ። ጠበቅኩት። "ስታርሚኝ… ስታርሚኝ ፊትሽ…" አለና ቀጣዩ ጠፋው። ግራ እጁን ጨብጦ ፊቱ አጠገብ አደረገና ቀስ ብሎ ጣቶቹን ከፈታቸው፣ አበባ እንደሚፈካ።

ምን ብዬ ልቆጣው? በዚያ ሁሉ በሽታ ውስጥ ሆኖ እኔን ሲያስተምረኝ ነበር። እኔ እሱን የማስታምም ይመስለኝ ነበር።

"ሁሉም ሆን ብለህ ነው?" አልኩት ቆይቼ።

እጁን ወዲህ ወዲያ አወዛወዘ። "አብዛኛው።"

ስለ ረቡዕም ጠየቅኩት። ያ "አንቺ!" ቁጣ አልነበረም። "አንቺ ጻፊ" ነው ማለት የፈለገው። እሱ ሊናገር፣ እኔ ልጽፍለት። ሁለት ቀን ሙሉ ተኮራርፈን የኖርነው ለአንዲት ግስ ነው።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ ረዳት ይዞ መግባቱን ፈቀዱ። የኔ የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ሲታይ የዶሮ ጭረት ነው። እትዬ "ፊደልሽን ከፍ አድርጊው፣ እኔ እንኳ ከዚህ አይታየኝም" እያሉ ያለማምዱኛል። "ምርጫ" አሁንም አንዳንዴ ብቻ ነው የሚመጣለት።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ክፍሉ ሙሉ ነበር። ከኋላ ሦስት ሰዎች፦ ርዕሰ መምህሩ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ አንድ ደግሞ የማላውቀው መነጽር ያደረገ ሰው። ተማሪዎቹ ሲገባ ብድግ አሉ። ሁሉም እጁን ላለማየት ይጣጣራሉ፤ ሁሉም ያያሉ።

"ዛሬ…" አለ። ዝም። "ዛሬ የምንማረው…" ዝም። እኔ ጠመኔውን ይዤ ቃሉን በልቤ እደጋግማለሁ። ልናገርለት እችል ነበር። እንዳልናገር ተስማምተናል።

ተወው። በእጁ ምልክት እየሰጠ አምስት ተማሪዎች ወደ ፊት አወጣ። "ለውድድር… ሁለት እንልካለን። ስንት ዓይነት?" ከዚያ ራሱ መለሰ፣ ቀስ እያለ፦ "ለመጀመሪያው አምስት። ለሁለተኛው አራት። ሃያ።" ወደ እኔ ዞረ። "ጻፊ።"

እጄ ቆመ። አስር ነው። ባለመነጽሩ ወዲያው ብዕሩን አነሳና አንድ ነገር ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴን አየሁት። የቤቱ ተንኮል ፊቱ ላይ እንዳለ ፈለግኩ። ላብ ብቻ ነው ያየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ መለየት አልቻልኩም።

ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ትልቅ አድርጌ፣ እትዬ እንዳሉኝ።

ፊት ከቆሙት አምስቱ አንዷ፣ ቀጭን ልጅ፣ እጇን ግማሽ አነሳች። "ቲቸር፣ ይቅርታ… እኔና እሱ ሁለቴ ተቆጥረናል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ። እኔና እሱ ብንሄድ፣ እሱና እኔ ብንሄድ፣ ያው እኛ ነን።"

"ሃያ ነው!" አለ አንዱ ከመሃል። "አስር ነው!" አለ ሌላው። ክፍሉ ተናጋ። ከአምስቱ አንዱ "ቆይ እንጨባበጥ!" አለና እርስ በርሳቸው መጨባበጥ ጀመሩ፣ ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። አስር ላይ የሚጨብጥ ጠፋ። አስር! ብለው ጠረጴዛ ደበደቡ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ በዚያ በአንድ ጎን ሳቁ።

ቀጭኗ ልጅ አልበቃትም። "እንግዲህ ምርጫ ሲሆን ቅደም ተከተሉ አይቆጠርም ማለት ነው?"

"ምርጫ!" አለ። እጁን ወደሷ ዘረጋ። "ምርጫ። ምርጫ።" ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እንዳገኘ ሰው። ከዚያ በኋላ እስከ ደወሉ ድረስ ቃሉ አልጠፋውም፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ ደጋገመው።

በመንገዳችን ላይ ክንዴን ይዞ ሄድን። ሃያን ሆን ብለህ ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኩትም። አይቶኛል፤ መጠየቅ እንደፈለግኩም ያውቃል። ስለ አየሩ አወራን።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ስልክ የለም። ያ ባለመነጽር ምን ጻፈ? አንድ መጋረጃ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁት፤ ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ደወሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የጠዋት ሁለት ክፍሎች፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። የሚጽፍለት ወጣት መምህር ይመደብለታል። "ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን" አሉ። ድሮ አምስት ክፍል ነበር የሚይዘው። ሁለት ሰጡት። እትዬ "ሁለት ብቻ?" ሊሉ ሲሉ በዓይኔ አስቆምኳቸው።

እሱ ግን ስልኩ ሳይዘጋ ተነስቷል። የመደርደሪያውን ታች ከፍቶ ጥቁር ጫማዎቹን አወጣ፤ ከታመመ ወዲህ ተደርገው የማያውቁትን። ቀለምና ብሩሽ ያዘ። አንዱን ጫማ በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ በግራ እጁ ያሸው ጀመር። ሰኞ ነው የሚገባው፤ ገና ዓርብ ነው።

ጫማው ተንሸራቶ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ። ቀለሙ ሱሪውን ነካው። እትዬ "አምጣ እኔ…" ብለው ብድግ ሲሉ ቀሚሳቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና ተቀመጡ።

አንደኛውን ጫማ ጨርሶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ። እኔና እትዬ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን፣ ማንም ሳይረዳው፣ እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብለን አየነው።